ሾላው የሰማው ስም

በ1974 ዓ.ም. አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዛሬም መጋዝ ይዤ ሾላ ላይ በወጣሁ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ተቆርጦ ነጩ ወተቱ እጄ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ያ እርጎና እርጥብ ሣር የተቀላቀለ የሚመስል ሽታው ሲመጣብኝ፣ ስልሳን ሊደፍን ትንሽ የቀረው ሰውዬ መሆኔ ይቀርና የመርሳዋ የዘሀራ ልጅ ሰይድ እሆናለሁ፣ ቀኝ እጄንም ሳላስበው ጨበጥ ዘርጋ አድርጌ አየዋለሁ። ሰው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ልማድ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ልማድ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

እናቴ መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሻይ ቤት ነበራት። አባቴ ግመል እየነዳ አፋር ወርዶ የሚነግድ ሰው ስለነበረ፣ በዓመት ሁለቴ ብቅ ብሎ ከኛ ይልቅ ስለ ግመሎቹ አውርቶ ይመለስ ነበር፤ ስለዚህ የቤቱ ጌታም እመቤትም እሷው ነበረች። ሻይ ቤት ስል ቤት እንዳይመስላችሁ። ቤቱማ ቆርቆሮ ስለነበረ ከረፋድ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግል ነበር፣ ከድመት በቀር ገብቶ የሚቀመጥበት አልነበረም። ንግዱ ያለው ደጅ፣ ከሾላው ሥር ነበር። እዚያ አራት አግዳሚ ወንበርና ሁለት ጠረጴዛ ነበሩን። ከሐራ ገበያ የሚመለሰው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ ሚስቱ የተቆጣችው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይመጣና፣ ዝም ብሎ መቀመጡ ሲያሳፍረው ሻይ ያዝዝ ነበር። «የሚነግደው ሾላው ነው፣ እኔ አስተናጋጁ ነኝ» ትል ነበር እናቴ፣ እውነቷን ነበር።

በበልግ ፍሬው ሲቀላ ወፉ ሁሉ ይሰፍርበትና፣ ፍሬው ጧ እያለ የሰው ብርጭቆ ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ ደንበኛው ሲቆጣ እናቴ «ሾላው ስኳር ጨመረልህ እንጂ ምን በደለህ» ብላ ብርጭቆውን ሳትቀይር ታልፍ ነበር። በክረምት ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ዝናቡን ስለሚይዘው፣ ሰው ሁለተኛ ሻዩን እስኪጨርስ ጠብታ አይደርስበትም ነበር፤ ከደረሰበት በኋላ ግን ዝናቡ አባርቶም ሾላው ለብቻው ሲዘንብ ይቆይ ነበር። መስከረም ሲጠባ ደግሞ አዳዲስ ቅርንጫፉን ወደ አስፋልቱ ይሰድ ነበር፣ መኪና ለማየት የጓጓ ይመስል።

ሾላው አድባርም ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ምጥ ሲበረታ፣ በሬ ሲጠፋ፣ ዝናብ ሲዘገይ ግንዱን ቅቤ ይቀባው ነበር። ሼኩ «ሽርክ ነው» ይሉ ነበር፣ ቄሱ «ባዕድ አምልኮ ነው» ይሉ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ሁለቱም መጥተው፣ አንዱ በግንዱ በግራ አንዱ በግንዱ በቀኝ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። ያንን ዛፍ በስለት የነካ ሰው እጁ ይደርቃል ይባል ነበር። እጁ የደረቀ ሰው አይተን አናውቅም፤ ዛፉን የነካ ሰውም ስላልነበረ ነገሩን የሚያፈርስ አልተገኘም።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት መኪና በዛ። ከደሴ በኩል እየመጡ ውርጌሳን አልፈው፣ አንዱ ካንዱ ተያይዘው፣ አቧራቸውን እኛ ላይ አራግፈው ወደ ወልድያና ከዚያ ወዲያ ይሄዱ ነበር። አንዳንዱ ቀን ይቆሙና ወታደሮቹ ይወርዱ ነበር። ከኔ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ነበሩባቸው፣ ጢማቸው ያልበቀለ። እናቴ ለነሱ ስኳሩን ሁለት ማንኪያ ታደርግ ነበር፤ ለኛ አንድ ነበር፣ እሱም ከላይ ተጠርጎ።

ነገሩ የመጣው በጥር ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸራው እስከ ሰማይ የተቆለለ ኦራል መኪና ሲያልፍ፣ የሾላው ሁለት ቅርንጫፎች ሸራውን ያዙና ከፊት እስከ ኋላ ቀደዱት፤ ከጭነቱ አናት ላይ ታስሮ የነበረውን የጦሩን ትልቅ ድስት ደግሞ ነጥቀው አስቀሩት። መኪናው ቆመ። ድስቱ እላይ ተንጠልጥሎ እንደ ፍሬ ይወዛወዝ ነበር። እኔ ወጥቼ አወረድኩት፣ ያንን ጊዜ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ከፊተኛው መኪና አንድ ሻምበል ወረደና ሽቅብ አየ፣ ከዚያ ካኪውን እየቆለፈ በሩጫ የደረሰውን የቀበሌያችንን ሊቀመንበር አየ።

«በአምስተኛው ቀን እመለሳለሁ» አለው ሻምበሉ፤ «ስመለስ ይህ ቅርንጫፍ ሸራዬን እንዳይነካ።» ይህን ብሎ ድስቱን አስጭኖ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ይባል ነበር። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ከኛ ቤት ጀርባ ነበር የሚኖሩት፣ እናቴም ንፍጡን እየጠረገች ያሳደገችው ልጅ ነው። ግን ደሴ ሄዶ ስድስት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ አንገቱን እንኳ በፊት እንደሚያዞረው አያዞርም ነበር። የመኪናው አቧራ ገና ሳይረግብ ለተሰበሰበው ሰው «ዛፉ እንዲነሣ ትእዛዝ ተሰጥቷል» አለ።

እናቴ በራዷን አስቀመጠች። «አንተ ታደሰ፣ ሰውየው ቅርንጫፍ አለ እንጂ ዛፍ መቼ አለ?»

«እቴ ዘሀራ፣ በሥራ ሰዓት ጓድ ሊቀመንበር በይኝ።»

«እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሰውየው ቅርንጫፍ ነው ያለው።»

«ቅርንጫፍ ከምን ይበቅላል? ከዛፍ። ችግር ከሥሩ ነው የሚነቀለው።»

«እንደሱ ከሆነ ራስህን ሲያምህ አንገትህን ቁረጠዋ።»

ሰው ሳቀ፣ ታደሰ አልሳቀም። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ አራት ቀን ሰጣት። ቅርንጫፎቹን በወጉ አስመልምላ መንገዱን ካስለቀቀች ዛፉ ይተርፋል፤ እስከ አራተኛው ቀን ካልሆነ መጥረቢያ ይመጣል። ዛፉ ከሄደ ሻይ ቤቱም እንደሚሄድ ለኛ የሚነግረን አያስፈልግም ነበር። እዚያ አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ትኩስ ሻይ የሚጠጣ እብድ የለም።

ግን ማን ይቁረጠው። እናቴ መርሳ ውስጥ መጋዝና ገጀራ ያለውን ሁሉ ለመነች። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ሚስቴ እርጉዝ ናት አለ፣ አንዱ ደግሞ መጋዙን ሸጬዋለሁ ብሎ መጋዙ ከበስተጀርባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግራና በሚባለው መንደር ወዳለው የብርቱካን አትክልት ላከችኝ፣ አያ ሙሄን እንድጠራ።

አያ ሙሄ የብርቱካን ዛፍ በመመልመል ያረጁ፣ አጭር፣ ነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስደርስ መሰላል ላይ ሆነው ከዛፉ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ጉዳዩን ስነግራቸው መጋዛቸውን አቆሙ።

«አድባሩ ሾላ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«የማን ትእዛዝ ነው?»

«የጓድ ታደሰ።»

«እናቱ ማን ትባላለች?»

«ወይዘሮ አስካለ።»

«እንግዲያማ ቀላል ነው» አሉና ወረዱ። ከዚያ ወጉን ነገሩኝ። አድባር ሲቆረጥ ያስቆረጠው ሰው ከነእናቱ ስም ለዛፉ ይነገራል፣ ዛፉ ተሳስቶ የመጋዝ ያዡን እጅ እንዳያደርቅ። ስሙ የተጠራው ሰው ነው ልኩንም የሚናገረው፤ ይህ ይቆረጥ፣ ይህ ይቅር ማለት የሱ ነው፣ ምክንያቱም ዕዳው የሱ ነው። «የሰው ስም ይዞ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው አይወድቅም» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አያ ሙሄ መጋዝና ገመድ ይዘው መጡ። ገመዱን ላስር እኔ ቀድሜ ሾላው ላይ ወጣሁ። ልክ ያን ጊዜ ታደሰ አራት መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ደረሰ፤ ጦሩ ከወልድያ ተነሥቷል፣ ዛሬ ከሰዓት ይደርሳል የሚል ወሬ ሰምቶ ነበር።

«ለመመልመል ጊዜ የለም» አለ። «ከሥሩ በሉት።»

እናቴ አልጮኸችም። ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። አያ ሙሄ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በጎኗ አለፉና መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«ሾላዬ፣ እኔ ሙሄ ነኝ፣ እጄ ንጹሕ ነው። እነዚህም አራቱ የታዘዙ ናቸው፣ አትያዛቸው። ከሥሩ በሉት ያለህ ታደሰ ነው፣ የአስካለ ልጅ፣ ቤቱም ከዚህ ቤት ጀርባ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ታደሰ። «ምን እያሉ ነው?»

«እያስተዋወቅኩህ ነዋ።»

«የኔን ስም ምን አመጣው?»

«ትእዛዙ ያንተ አይደል?»

«ትእዛዙ የሻምበሉ ነው።»

«መልካም። የሻምበሉ እናት ማን ትባላለች?»

ታደሰ ወደ መጥረቢያ ያዦቹ ዞረ፣ እነሱ ወደ መሬት አዩ። ጥቂት አሰበና ደሴ የተማረው ትዝ አለው መሰለኝ ፊቱ በራ። «የሰፊው ሕዝብ ትእዛዝ ነው በሉት።»

«የሰፊው ሕዝብ እናት ማን ትባላለች?»

ከመጥረቢያ ያዦቹ አንዱ ሳቁን በሳል ዋጠው። አያ ሙሄ ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ደግሞስ ታደሰ፣ ኋላ ቀር እምነት ነው ትል የለ? ካላመንክበት ስምህ ቢጠራ ምን ይጎዳሃል?» አሉት።

«ምንም አይጎዳኝም።»

«እንግዲያ ልቀጥል።»

«አይቀጥሉ። እናቴ ልቧ ደካማ ነው፣ ከሰማች ትደነግጣለች።»

አሁን እውነቱን ልናገር፤ ይህን ያህል ዘመን ለማንም አልተናገርኩትም። እኔ እላይ ሆኜ ወሬውን ለመስማት ጎንበስ ስል በጉልበቴ አንዲት ቀንበጥ ሰበርኩ። ወተቱ ጠብ፣ ጠብ ብሎ የታደሰ ካኪ ትከሻ ላይ አረፈ። መጋዝ አልነካውም፣ መጥረቢያ አልነካውም፤ ሰው ሁሉ ያንን ነጭ ጠብታ አየ። ከአራቱ ሦስቱ መጥረቢያቸውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ፣ አራተኛው ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።

«ገና ሳይነካ ያለቅሳል» አሉ አያ ሙሄ። «እህ፣ በማን ስም ይሁን?»

ስሙን የሰጠ የለም፣ እናቴም ጭምር። ከታች የእናቴን ራስ አየሁት፣ ሻሿ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ፣ እጇ እንደተጣመረ። ድንቁርና ይሁን ግትርነት እስከ ዛሬ አልለየሁትም፣ ብቻ «በኔ ይሁን» አልኩ።

«ዝም በልና ውረድ» አለች እናቴ።

«አልወርድም። በኔ ስም ይሁን።»

አያ ሙሄ ሽቅብ አዩኝ። «ሰይድ የዘሀራ ልጅ፣ ስንት ይቆረጥ?»

«ወደ አስፋልቱ የወጡት ሁለቱ ብቻ።»

«ከሥሩ ነው የተባለው...» ብሎ ታደሰ ሲጀምር፣ አያ ሙሄ «ስሙን የሰጠ ነው ልኩን የሚሰጥ። ከሥሩ ካልክ ስምህን ወዲህ በል» አሉት። ታደሰ ትከሻውን አየ፣ ጠብታውን በጣቱ ነካው፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ሁለቱ ይበቃሉ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፣ እስከ ዛሬ የምበላበት ሥራ። አያ ሙሄ እላይ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡና መጋዙን እጄ ላይ አኖሩት፣ በስሜ ከሆነ በእጄም መሆን አለበት ብለው። «ከታች ጀምር» አሉኝ። «ከላይ ብቻ ከቆረጥከው በገዛ ክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል፣ ዛፍ የሚሞተው በዚያ ነው። ከታች ትንሽ በላው፣ ከዚያ ወደ ላይ ዞረህ ጨርሰው።» ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ያለችውን እብጠት በአውራ ጣታቸው አሳዩኝ። «ከዚህች ወዲያ ካስቀረህ ጉቶው ይበሰብሳል፣ ወደ ውስጥ ከገባህ ቁስሉ አይገጥምም። ልኳ ላይ ቁም።» በገመድ አስረን አንድ በአንድ አወረድናቸው። እናቴ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እኔን ሳይሆን እጄን ትመለከት ነበር።

ሁለተኛው ሲወርድ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ለመጨበጥ ሞከርኩ፣ እምቢ አሉ።

«አያ ሙሄ፣ እጄን ጀመረው።»

«ምን ጀመረው?»

«መድረቅ።»

እጄን ይዘው አገላብጠው አዩ። «የደረቀው ወተቱ ነው። ውረድና በዘይት እሸው።» በዘይት አሸሁት፣ ጣቶቼ ተፈቱ። ግን ፍርሃቱ አንዴ ሆዴ ገብቷል፤ ዘይቱ ለጊዜው ያስታገሰው መሰለኝ እንጂ የዳንኩ አልመሰለኝም።

ከሰዓት ጦሩ መጣ። ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ቆመ። የመጀመሪያው መኪና ሸራውን እንደ ጥምጥም ቆልሎ ሲቃረብ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ታደሰም አንድ ዓይኑን ጨፈነ። መኪናው በቀሩት ቅርንጫፎችና በሸራው መካከል አንድ ክንድ አስቀርቶ ሽው ብሎ አለፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አለፉ። ሻምበሉ ወርዶ ከጥላው ሥር ተቀመጠና ሻይ አዘዘ። ጥላው እንዳለ ነበር፤ ከአራቱ አግዳሚ የአንደኛዋ ጫፍ ብቻ ፀሐይ ገብቷት ነበር። ሻምበሉ ግማሹን ከጠጣ በኋላ ነው ቀና ያለው።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ። «እንዲህ በወጉ የተመለመለ ዛፍ ካየሁ ቆየሁ። ማነው የመለመለው?»

ታደሰ ከሁሉም ቀደመ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ነኝ ጓድ ሻምበል፤ በኔ ትእዛዝ ነው የተቆረጠው» አለ።

አያ ሙሄ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ወደ ሾላው ሄዱ፣ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«ሰማህ?» አሉት ሾላውን። «ራሱ ነው የተናገረው። ታደሰ የአስካለ ልጅ። የሰይድን ስም ተወው፣ ልጅ ነው፣ ሲቀባጥር ነው።»

«ሽማግሌው ምን አሉ?» አለ ሻምበሉ።

«ሻይ ይጨመርልዎት?» አለች እናቴ፣ ስኳሩንም ሦስት ማንኪያ አደረገችለት።

ያ ሻምበል እንደገና በዚያ መንገድ ሲያልፍ አላየሁትም። እነዚያ ጢማቸው ያልበቀለ ልጆችም ወደ ሰሜን ሲሄዱ የቆጠርናቸውን ያህል ሲመለሱ አላየናቸውም። እናቴ ግን ለሚመጣው ሁሉ ሁለት ማንኪያ ማድረጓን አልተወችም፣ እስክትሞት። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ መርሳ ድረስ መጣ። እኔ አልወጣም ብዬ ቀረሁ፣ ልጆቼ እስከ ዛሬ ይኮንኑኛል። የሾላው ግንድ ውስጥ ጥይት ገብቶ ቀርቷል፤ ልጡ እየሸፈነው ነው፣ ያኔ የቆረጥኳቸውን ሁለቱን ቁስሎች እንደሸፈናቸው። አሁን ወልድያ ያሉት ባለሆቴሎች ደጃቸው ያለውን ዛፍ እንድመለምል ይጠሩኛል። «ታፔላዬን ጋርዶብኛል፣ አናቱን በለው» ይሉኛል። እኔም «በማን ስም?» እላለሁ። ስልካቸውን ሳያወርዱ ስማቸውን ከነአያታቸው ይነግሩኛል፣ እየሳቁ። በዚያን ጊዜ አንድ ሊቀመንበር፣ አራት መጥረቢያ ያዥና አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ስማቸውን ለመስጠት ፈርተው ዛፍ ተረፈ፤ ዛሬ የሚፈራ የለም፣ ከተማውም መላጣ ሆኗል። አናቱን አልቆርጥም። ሌላ ሰው ይቆርጥላቸዋል።

ያኔ ግን፣ ሻምበሉ ሻዩን ጠጥቶ በሄደ በማግሥቱ ጠዋት፣ ከሁሉም በፊት ተነሣሁ። መጀመሪያ እጄን አየሁት፣ ጨበጥ ዘርጋ አደረግኩት፣ ይሠራል። ከዚያ አግዳሚዎቹን ላወጣ በሩን ስከፍት፣ ታደሰ ካኪውን እንደለበሰ ሾላው ሥር ቆሞ አየሁት። በግራ እጁ የእናቱን የቅቤ ቅል ይዟል፣ በቀኙ ግንዱን ከላይ እስከ ታች ይቀባል። ሲያየኝ ቅሉን ወደ ኋላው ሊደብቅ ፈለገ፣ ቅሉ ግን ትልቅ ነበር።

«ቁስሉ እንዳይበሰብስ ነው» አለኝ። «ሳይንስ ነው።»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። ቁስሎቹ ያሉት እላይ ነበር። ገብቼ መሰላሉን አመጣሁለት፣ እስኪወጣም ሥሩን ይዤ ቆምኩ።